በማስተማሪያ ሐኪም ቤት ድውዩም መምህር ነው

በየቤታችን ከሚሰሙት ሥጋቶች አንዱ ይህ ነው። ሕመም ጸንቶበት ወደ ትልቁ የመንግሥት ሐኪም ቤት እንዲሄድ የታዘዘ ሰው፥ ወረቀቱን ይዞ ከቤተ ሰቡ ጋር ሲማከር፥ «እዚያ የሚያዩኝ ተማሪዎች ናቸው፤ በእኔ ሰውነት ላይ ሊለማመዱ ነውን?» ይላል። እናት ስለ ልጅዋ፥ ባልም ስለ ሚስቱ እንዲሁ ይሠጋሉ። ከዚህ ሥጋት የተነሣ የታዘዘላቸውን ቀን የሚያሳልፉ፥ በሬ ሸጠው ያገኙትንም ገንዘብ ወዲያና ወዲህ በትነው ሕመሙ ከባሰ በኋላ የሚመጡ አሉ። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ማስተማሪያ ሐኪም ቤት ምን እንደ ሆነ፥ ተማሪውም በሕሙሙ አልጋ አጠገብ ለምን እንደሚቆም፥ ከእኛም ከቤተ ሰቡ ምን እንደሚጠበቅ እንመለከታለን።

ምሳሌ የምናደርገው በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና አጠገብ ያለውን የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ነው። ይህ ሐኪም ቤት ሥራውን የጀመረው በ1964 ዓ.ም. ሲሆን፥ አስቀድሞ የታሰበው በ1949 ዓ.ም. ላረፉት ለሐረሩ መስፍን ለልዑል መኰንን መታሰቢያ እንዲሆን ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ዛሬ የሚጠራበትን ስም አገኘ። ስሙም የተወሰደው ከጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ በወለጋ በነቀምቴ የተቋቋመ ነበር፤ ከአባላቱም ብዙዎቹ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና በውጭ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በእንግሊዝ አገር የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ማኅበሩ ባወጣው ደንብ ገበሬውን ማስጨነቅ፥ የተማረከውንም ጠላት መበደል ክልክል ነበር። በጦርነት መካከል ለደካማው እንዲታዘን የደነገጉ ሰዎች ስም በሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ መጻፉ የተገባ ነው።

ማስተማሪያ ሐኪም ቤት ለምን እንዳስፈለገን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ያሻል። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አገራችን መጥተው ቁስለኞችን አክመዋል። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያ ሐኪም በፈለገች ጊዜ ከውጭ አገር ማስመጣት፥ ወይም ልጆችዋን ባሕር ተሻግረው እንዲማሩ መላክ ግድ ሆኖባት ኖረች። እንግዳው ሐኪም ምንም እንኳ ደግ ቢሆን የሕሙሙን ቃል የሚሰማው በአስተርጓሚ ነበር፤ ጊዜውም ሲደርስ ወደ አገሩ ይመለሳል፥ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችንና ነርሶችን ማስተማር ጀመረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ጥቁር አንበሳ የዚህ ትምህርት ዋና ቤት ሆኖ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል።

የሚያክም ነገር ግን የማያስተምር አገር፥ ዘር ሳያስቀር እህሉን ሁሉ እንደ በላ ገበሬ ነው። የዘንድሮው ማዕድ ይሞላ ይሆናል፤ በሚመጣው ክረምት ግን በማሳው ላይ የሚዘራው የለውም። ማስተማሪያ ሐኪም ቤት ማለት እንግዲህ የዛሬውን ሕሙም እያከመ ለነገው ሕሙም ሐኪም የሚያበቅል ቤት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ሥራዎች በተጨማሪ ሦስተኛ ሥራ አለው፤ ይኸውም በአገራችን የሚታዩትን ደዌዎች መርምሮ ምክንያታቸውንና መድኃኒታቸውን መፈለግ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ሥጋት እንመለስ። በሕሙሙ አልጋ ዙሪያ ነጭ ካፖርት ለብሰው የሚቆሙት ሁሉ አንድ አይደሉም። ከእነርሱ መካከል ገና ትምህርቱን ያልፈጸመ የሕክምና ተማሪ አለ። ከእርሱ ከፍ ብሎ የመጨረሻውን ዓመት በሥራ ላይ ሆኖ የሚማረው ኢንተርን የሚባለው አለ። ከዚያም በላይ ሐኪምነቱን ፈጽሞ በአንድ ልዩ ሙያ፥ ማለት በቀዶ ሕክምና ወይም በሕፃናት ሕክምና ወይም በሌላው፥ ለመሠልጠን ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚቆየው ሬዚደንት አለ። ከሁሉም በላይ የልዩ ሙያ ሐኪሙ መምህራቸው አለ። ስለዚህ በብዙ ሰዎች ዘንድ «ተማሪ» የሚባለው ሬዚደንት፥ ሐኪም ከሆነ በኋላ ዳግመኛ ሊማር የመጣ ሰው መሆኑን ማወቅ ይገባል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ወጣቱ ወደ ሕሙሙ ቀርቦ የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፤ ሰውነቱንም ይመረምራል፤ ያገኘውንም ይጽፋል። ራውንድ በሚባለው ጕብኝት መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዘዋወር፥ ወጣቱ የጻፈውን በመምህሩ ፊት ያቀርባል። መምህሩም ይጠይቀዋል፤ የሳተውን ያርመዋል፤ ያልጠየቀውን ተመልሶ እንዲጠይቅ ያዘዋል፤ አጠራጣሪ በሆነውም ነገር ራሱ ሕሙሙን ይመረምራል። ስለ ሕክምናው የመጨረሻው ኃላፊነት የሚያርፈው በታላቁ ሐኪም ላይ ነው።

ይህ ሥርዐት ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩም ቀለሙ ቢጐድል ያቃናለታል፥ ምሥጢሩ ቢዛባ ያፈርስበታል፤ ተማሪውም ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ በማግሥቱ ይመለሳል። በቅዳሴም ጊዜ ወጣቱ ዲያቆን ብቻውን ወደ መቅደስ አይገባም። ከካህኑና ከታላቁ ዲያቆን ጋር ንፍቅ ሆኖ ቆሞ፥ የሚሰማውንና የሚያየውን ይማራል። አገልግሎቱ የልጅ ነው ብለን ግን ቅዳሴውን ጥለን የወጣንበት ጊዜ የለም። ታላቁ ከታናሹ ጋር መቆሙ አገልግሎቱን የሚያጸና እንጂ የሚያጐድል አለመሆኑን እናውቃለንና። በሕክምናም ቢሆን የሚያስፈራው መምህር ያለው ተማሪ አይደለም፤ መምህር ሳይኖረው ለብቻው የሚደፍር ሰው ነው።

እንግዲህ ድውዩ መምህር ነው ያልነው ስለ ምንድን ነው? መጽሐፍ የልብን ደዌ ምልክቶች ይዘረዝራል፤ ነገር ግን ታሞ የሚተነፍስ ሰው ደረት ውስጥ ያለውን ድምፅ ማንም ከመጽሐፍ ሰምቶት አያውቅም። መጽሐፍ ስለ ጉበት እብጠት ይጽፋል፤ የወጣቱ እጅ ግን እብጠቱን ለይቶ የሚያውቀው በእውነተኛ ሕሙም ሆድ ላይ መምህሩ እጁን እየመራ ሲያሳየው ነው። ከዚህም የሚበልጥ ትምህርት አለ፤ ለደነገጠች እናት እንዴት እንደሚናገሩ፥ የሚያለቅስን ሕፃን እንዴት እንደሚያባብሉ፥ ተስፋው የመነመነውን ሽማግሌ እንዴት እንደሚያጽናኑ ከአልጋው አጠገብ በቀር የሚማሩበት ስፍራ የለም። ዛሬ ለተማሪው ታሪኩን በትዕግሥት የሚነግር ገበሬ፥ የማያውቃቸውን የብዙ ሰዎችን ሕይወት በነገው ሐኪም እጅ ውስጥ ያስቀምጣል። ስሙ በመጽሐፍ ባይጻፍም ምጽዋቱ ታላቅ ነው።

ሕሙሙ ራሱም ከዚህ ይጠቀማል። ታላቁ ሐኪም በብዙ ሰው ተከብቦ ለአንዱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሊሰጥ ይችላል፤ ተማሪው ግን ተቀምጦ ያዳምጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የተረሳች ነገር የምትገኘው በዚህ ረጅም ጭውውት ነው። ስለዚህ እውነቱን ሳይሸሽጉ መንገር ይገባል። አስቀድመን የጠጣነው የአገር ባህል መድኃኒት ቢኖር፥ ያቋረጥነውም ክኒን ቢኖር፥ በጾም ላይ ብንሆን፥ ከዚህ በፊት ሰውነታችንን ያሳበጠ ወይም ያሳከከ መድኃኒት ቢኖር፥ ይህን ሁሉ ለጠየቀን ወጣት እንንገረው። የአባትና የእናት ደዌ ምን እንደ ነበረ፥ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ የሚያውቅ ሰው ከሕሙሙ ጋር ቢሄድ ብዙ ይጠቅማል።

ይህን ስንል ሕሙም ክብሩን ይጣል ማለታችን አይደለም። ሕሙም ማንም ሰው የሚያገላብጠው ዕቃ አይደለም፤ የእግዚአብሔር አርአያ ነው። የሚመረምረውን ሰው ስሙንና ማዕርጉን ሊጠይቅ፥ ምን እንደሚደረግለትም ሊነገረው መብት አለው። ተማሪ ሰውነቱን ከመንካቱ በፊት ፈቃዱን ሊጠይቀው ይገባል፤ ሕሙሙም በሚያሳፍር ስፍራ ብዙ ሰው እንዳይቆም ቢለምን ወይም ተማሪ እንዳይመረምረው ቢፈልግ፥ ስለዚህ ነገር ሕክምናው ሊጓደልበት አይገባም። ሴት ሕሙም ስትመረመር ሌላ ሴት በአጠገቧ እንድትሆን ብትጠይቅ ነውር የለበትም። የሰሙትን ምሥጢር መጠበቅም የሐኪሙም የተማሪውም ግዴታ ነው። ከእኛ ዘንድ የሚጠበቀው እንግዲህ በትሕትና ጠይቆ መፍቀድ ነው፤ በፍርሃት ዝም ማለት ወይም በቍጣ ማባረር አይደለም።

ትልቁ ሐኪም ቤት ማከሙንም ማስተማሩንም በደንብ እንዲፈጽም ሌላም ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሕመም በየደረጃው መታየቱ ነው። በአገራችን የጤና አገልግሎት እንደ መሰላል የተሠራ ነው። በታችኛው እርከን ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፥ በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ አንድ ጤና ጣቢያ፥ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እንዲኖር ታቅዷል። ከዚያም ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ አጠቃላይ ሆስፒታል፥ ከ3.5 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተመድቧል። እንግዲህ የመጨረሻው እርከን የስንት ሰው ተስፋ እንደ ሆነ ከቍጥሩ መረዳት ይቻላል። ጉንፋን የያዘው ሰው ወደዚያ በሄደ ጊዜ በአንጎሉ ውስጥ እባጭ ያለበትን ሰው ወረፋ ያረዝማል። ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፥ ከዚያም ሪፈር የሚባለውን የማስተላለፊያ ወረቀትና የተደረጉትን ምርመራዎች ሁሉ ጠብቆ ይዞ መሄድ ይገባል። የጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተ ሰብም ያለዚህ ወረቀት ቢሄድ ወጪውን ራሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል። ድንገተኛ አደጋ፥ የሚያስፈራ የደም መፍሰስ፥ ትንፋሽ ማጠር፥ የጸና ምጥ ግን ወረቀት አይጠብቅም፤ በአቅራቢያ ወዳለው ሐኪም ቤት ወዲያው መድረስ ነው።

ሌላው የሚያሳዝነን ነገር መዘግየት ነው። ካንሰርን በጨረር የማከም አገልግሎት ለብዙ ዓመታት በመላው አገራችን በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉ በብዛት የሚገኙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው ሊታከሙ የሚችሉ ሲሆኑ፥ ከእናቶቻችንና ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደዌው ከተስፋፋ በኋላ ነው። በጡት ላይ የሚገኝ ጓጐላ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ስለማያምም አይናቅ። ያለ ጊዜው የሚፈስ ደምም በኀፍረት ሊሸሸግ አይገባም። ባል ለሚስቱ፥ ልጅም ለእናቱ ይህን ቃል በፍቅር ቢነግር፥ ከውድ መድኃኒት ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

አንዳንዶች ደግሞ የሚዘገዩት ወደ ጠበል ስለሄዱ ነው፤ ሌሎችም ጠበል ስለጀመሩ መድኃኒታቸውን ያቋርጣሉ። ጠበል የእግዚአብሔር ጸጋ የሚገኝበት መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን የሲራክ ልጅ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናስብ ያስተምረናል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር። በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሳርያ ጳጳስ ሳለ፥ ከከተማዪቱ አጠገብ ለድውያንና ለድኆች፥ ለለምጻሞችም ጭምር ታላቅ መጠለያ አሠርቶ ሐኪሞችን አኑሮበታል። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፥ በኤች አይ ቪ የታመሙ ምእመናን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። የሳንባ ነቀርሳን ወይም የሚጥል በሽታን መድኃኒት በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ሕሙሙን ለባሰ አደጋ ይሰጠዋል። ስለ ጾሙም ቢሆን ሕሙም ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከር፤ ቤተ ክርስቲያን በሕሙም ላይ ከባድ ሸክም አትጭንምና።

በትልቁ የመንግሥት ሐኪም ቤት ችግር የለም ብንል እውነት አንናገርም። ወረፋው ረጅም ነው፤ አልጋ የሚጠፋበት፥ መድኃኒት ከውጭ ግዙ የሚባልበት፥ መሣሪያም ተበላሽቶ ቀጠሮ የሚተላለፍበት ጊዜ አለ። የደከመ ሠራተኛም ክፉ ቃል ሊናገር ይችላል። ይህ እንዲሻሻል በሥርዐት ማመልከት የማንኛውም ዜጋ መብት ነው። ነገር ግን መንግሥትን ሳንጠብቅ እኛ ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት መጻጕዕን እናስባለን። ያ ሰው 38 ዓመት የታመመው መጠመቂያው በፊቱ እያለ ነው፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚያወርደው ሰው አላገኘም ነበር። ዛሬም ከሩቅ አገር የመጣ፥ ፊደል ያልቈጠረ ወይም አማርኛ የማይሰማ፥ ካርድ ክፍሉ የት እንደ ሆነ፥ ደሙን የት እንደሚሰጥ፥ ውጤቱን ከየትኛው መስኮት እንደሚቀበል የማያውቅ ብዙ መጻጕዕ አለ። ሐኪሙ አለ፤ መድኃኒቱ አለ፤ የሚያደርሰው ሰው ግን የለም።

የጽዋ ማኅበር፥ ሰንበቴ፥ ዕድር፥ የሰንበት ትምህርት ቤትም ያለን ሰዎች በዚህ ነገር ልንበረታ ይገባናል። በየማኅበሩ ከተማውንና ንባብን የሚያውቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ተመርጠው፥ ከገጠር ለመጣ ሕሙም ተራ በተራ መንገድ ቢመሩ፥ አንድ ሌሊትም አስታማሚውን ቢተኩ፥ ወይም ለአስታማሚው ማደሪያ ቢሰጡ፥ ይህ ለማኅበሩ ትልቅ በረከት ነው። ደግሞም ደም መለገስ አለ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፥ ክብደቱም ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ደም ሊሰጥ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። በወሊድ ደም ለፈሰሳት እናትና በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ላለ ሕፃን ይህ ስጦታ በገንዘብ የማይገኝ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ ሆይ፥ ወደ ማስተማሪያ ሐኪም ቤት የታዘዘ ሰው በቤታችሁ ቢኖር፥ «ተማሪ ነው» በሚል ሥጋት አታስቀሩት። ወረቀቱን አስይዙት፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አብሮት ይሂድ፤ የቀጠሮውን ቀን አያሳልፍ። ወጣቱም ቀርቦ «አባቴ፥ ልመርምርዎ?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቀው፥ የልጁን ሐኪም ወይም የልጅ ልጁን ሐኪም እያስተማረ መሆኑን አስቦ ይፍቀድለት። ከደጅም ግራ ተጋብቶ የቆመ እንግዳ ብታዩ፥ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ አድርሱት።

የድውያን ሁሉ ፈዋሽ እግዚአብሔር አምላክ ሕሙማንን ይማርልን፤ የሚያክሙትንና የሚማሩትንም ጥበብና ርኅራኄ ያድልልን። አሜን።